የመሬት ትስስር፦ «ኧርዝ» የሚባለው ሽቦ ሥራው ምንድን ነው?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በርና መስኮት የሚሠራ ብየዳ ቤት ብዙ ዕቃ አይፈልግም። መበየጃ ማሽን፣ ግራይንደርና መሰርሰሪያ ካሉት ሥራው ይጀመራል። ሁሉም አንድ ዲቫይደር ላይ ይሰካሉ፣ ላሜራና አርኤችኤስ የሚባለው ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት በግድግዳው ጥግ ይደረደራል፤ በክረምት ደግሞ ጭቃው እስከ ማሽኑ እግር ይደርሳል። እንዲህ ባለ ቤት «ማሽኑ ይነዝራል» ማለት እንግዳ ነገር አይደለም። የተለመደው መድኃኒትም የጎማ ጫማ ማድረግ ወይም ፕለጉን ገልብጦ መሰካት ነው። ሁለቱም ንዝረቱን ይደብቁት እንደሆነ እንጂ ከምንጩ አያጠፉትም።

ሰውን ከዚህ ለመከላከል የሚያስፈልገው ሥራ ኤሌክትሪሺያኖች «ኧርዝ» ወይም «ኧርዚንግ» የሚሉት ነው። በአማርኛ «የመሬት ትስስር» ቢባል ይገልጸዋል። የመሬት ትስስር ማለት ሰው የሚነካውን የማሽን ብረት በአረንጓዴና ቢጫ ሽቦ አድርጎ፣ መሬት ውስጥ ከተተከለ ዘንግ ጋር ማያያዝ ነው። «የመሬት መስመር» እንዳይባል ስሙን ስልኩ ቀድሞ ወስዶታል። «መቅበር» ቢባል ደግሞ ዘንጉ አፈር ከገባ ነገሩ ያለቀ ያስመስላል፤ አላለቀም።

በበያጆች ዘንድ ሌላም መደናገር አለ። የሚበየደውን ብረት የሚነክሰው የመበየጃው መቆንጠጫ «ግራውንድ» ሲባል ይሰማል። እሱ ግን የብየዳው ከረንት ወደ ማሽኑ የሚመለስበት መንገድ ብቻ ነው። ማሽኑ ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር የብየዳውን ወገን ከ220 ቮልቱ ወገን ይለየዋል። ስለዚህ የገባው የመብራት ሽቦ ተልጦ የማሽኑን ሽፋን ቢነካ፣ መቆንጠጫው የቱንም ያህል ጠብቆ ቢነክስ በያጁን አያድነውም። የመሬት ትስስር የሚያስፈልገው ለሽፋኑ ነው።

መሬት ከኤሌክትሪክ ጋር ምን አገናኘው? ምሰሶ ላይ ያለው ትራንስፎርመር 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልት ተቀብሎ ወደ 380 እና 220 ያወርዳል። ከረንቱ የሚመለስበት ኒውትራል የሚባለው ሽቦም እዚያው ከመሬት ጋር ይታሰራል። ስለዚህ ከረንቱን የሚያመጣው ፌዝ የሚባለው ሽቦ የማሽኑን ሽፋን ከነካና እርጥብ መሬት ላይ የቆመ ሰው ሽፋኑን ከያዘ፣ ከረንቱ በሰውየው አልፎ በአፈሩ በኩል ወደ ትራንስፎርመሩ ይመለሳል። የሰው አካል መቋቋም በግምት 1,000 ኦም ቢያዝ፣ 220 ቮልት በውስጡ 220 ሚሊ አምፔር ያሳልፋል። ለመከላከያ መሣሪያዎች ወሰን ሆኖ የተቀመጠው 30 ሚሊ አምፔር ነው። የመሬት ትስስር ለዚህ ከረንት በሰውየው ፈንታ ሌላ መንገድ ይሰጠዋል።

ብዙዎች ግን የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ዘንግ ተተክሎ፣ ሽቦ ታስሮ፣ ማሽኑ አሁንም ሊገድል ይችላል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የዘንጉ የመሬት መቋቋም 20 ኦም፣ የትራንስፎርመሩ 5 ኦም ቢሆን ድምሩ 25 ኦም ነው። 220 ለ25 ሲካፈል 8.8 አምፔር ይመጣል። 16 አምፔር የተጻፈበት ብሬከር ይህን እንደ ተራ ጭነት ስለሚያየው አይወድቅም። በዚህ መሀል በማሽኑ ሽፋን ላይ 176 ቮልት እንደተቀመጠ ይቆያል።

ይህን ክፍተት የሚሞላው ባለሙያዎች በፈረንጅ አጠራሩ «አርሲዲ» የሚሉት መሣሪያ ነው፤ «የሾላኪ ከረንት ቆራጭ» ቢባል ያስኬዳል። በፌዝ የወጣውን ከረንት በኒውትራል ከተመለሰው ጋር ሁልጊዜ ያመሳክራል፤ ደሞዝ እንደሚቆጥር ገንዘብ ያዥ ጉድለት ካገኘ ወዲያው መዝገቡን ይዘጋል። 30 ሚሊ አምፔር ከጎደለ መስመሩን ከሰኮንድ አንድ ሦስተኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይቆርጠዋል። ዘንጉ ለሾላኪው ከረንት መንገድ ይከፍታል፣ ቆራጩ ደግሞ አይቶ ይዘጋዋል። ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ነው ሥራው የሚሟላው።

የዘንጉ ነገር በጎጃም ደጋ የራሱ ጣጣ አለው። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ቀይ አፈር በብዛት ይታያል፤ ወደ ቢቸናና እነማይ ሲኬድ ለጤፍ የታወቀው ጥቁር ዋልካ ሰፊውን ሜዳ ይይዛል። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ እርጥብ ሳለም ከረንት በደንብ ያሳልፋል። በበጋ ግን ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ከዘንጉም ይላቀቃል። ዝናቡ የሚበዛው ከሰኔ እስከ መስከረም በመሆኑ፣ ነሐሴ ላይ ተለክቶ ጥሩ የተባለ ዘንግ መጋቢት ላይ እንደዚያው ላይሆን ይችላል። መፍትሔው ዘንጉን እርጥበት ወደማይለየው ጥልቀት ማውረድ፣ ካልበቃም ሁለተኛ ዘንግ ጨምሮ ማያያዝ ነው። በሁለቱ መካከል ቢያንስ የአንዱን ዘንግ ርዝመት ያህል ርቀት መኖር አለበት፤ ከተጠጋጉ አንዱ የሌላውን አፈር ይሻማል። በዙሪያው ጨውና ከሰል መጨመር ለጊዜው ይረዳል፤ ነገር ግን ጨዉን ዝናብ ያጥበዋል፣ ብረቱንም ያዝገዋል።

ከሶኬት ጀምሮ ያለው መንገድም መፈተሽ አለበት። የዘንጉ ሽቦ ሶኬት ድረስ መጥቶ፣ ባለ ሁለት ሽቦ ኤክስቴንሽን ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ በኋላ የተሰካው መበየጃ የመሬት ትስስር የለውም። የቤት የኤሌክትሪክ ምጣድም በዚሁ መንገድ ሊነዝር ይችላል። ግራይንደር ባለ ሁለት እግር ፕለግ ይዞ ቢመጣ ግን የግድ ጉድለት አይደለም። ገላው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የገባ ሁለት አራት ማዕዘን ምልክት ካለ፣ መሣሪያው ድርብ መከለያ ስላለው የመሬት ሽቦ አይፈልግም። ምልክቱ የሌለው ባለ ብረት ሽፋን ማሽን ግን ሦስተኛውን ሽቦ ይፈልጋል።

የመሬት ትስስር የመብረቅ መከላከያ ተደርጎ መወሰድም የለበትም። መብረቅን ከጣሪያ ተቀብሎ ወደ መሬት የሚያወርደው ሥርዓት የራሱ ተቀባይ ዘንግና ወፍራም ማውረጃ ያስፈልገዋል።

ይህ ሁሉ አዲስ ነገር አይደለም። ኢቢሲኤስ 10 የሚባለው የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንብ ክፍል የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታን የሚመለከት ሲሆን የወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ደብረ ማርቆስ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅን ለመሰሉ የቴክኒክና ሙያ ተቋማትም የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ራሱን የቻለ የሙያ መስክ ነው።

ብየዳ ቤት የሚከፍት ሰው ኤሌክትሪሺያኑን «ኧርዝ አለው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃውም፤ መልሱ ሁልጊዜ «አለው» ነው። ስንት ኦም እንደሆነ በመለኪያ አስለክቶ፣ ቁጥሩን ከነወሩ ብሬከር ሳጥኑ ክዳን ላይ ያስጽፍ፤ ልኬቱም አፈሩ በደረቀበት በበጋ ይሁን። የሾላኪ ከረንት ቆራጩ ላይ «ቲ» የሚል መሞከሪያ ቁልፍ አለ። በወር አንድ ጊዜ ይጫነው፤ ተጭኖ መስመሩ ካልተቋረጠ መሣሪያው ሳይውል ሳያድር መቀየር አለበት።