የራስ ሥዕለ ክርስቶስ ታሪክ የሰፈረበት መጽሐፍ

«የከፍተኛዋ ኢትዮጵያ አጠቃላይ ታሪክ»
ደራሲ፦ ባልታዛር ቴሌስ
በፖርቱጋልኛ የታተመ፣ ካርታ ያለው፤ ወረቀት
ኮይምብራ፣ ፖርቱጋል፣ 1660 እ.ኤ.አ.

ራስ ሥዕለ ክርስቶስ የዐፄ ሱስንዮስ የእናት ልጅ ወንድም ነበሩ። ንጉሡ ከመኳንንቱ ሁሉ አስበልጠው ያምኗቸው ስለነበር ጎጃምን ሾሟቸው። የግሽ ዓባይ ምንጭ በግዛታቸው ውስጥ ነበር፤ ኢየሱሳዊው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እ.ኤ.አ. ምንጩን ያየው ከንጉሡ ጋር ተጉዞ ነው። ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ከሱስንዮስ አስቀድመው ካቶሊክ ሆኑ፤ ለካቶሊኮቹ ሚስዮናውያን ለኢየሱሳውያንም ዋነኛ ደጋፊ ሆኑላቸው። ንጉሡ በ1632 የተዋሕዶን እምነት ሲመልሱ ግን ራስ ሥዕለ ክርስቶስ አልተመለሱም። ዐፄ ፋሲለደስ ነገሡ፤ የትናንቱ ባለሟል ተግዘው በሞት ተቀጡ።

ቴሌስ ኢትዮጵያን አላየም። መጽሐፉን ያዘጋጀው በኢትዮጵያ ከ1624 እስከ 1633 የኖረው ኢየሱሳዊው ማኑኤል ደ አልሜዳ ከጻፈው ነው። ስለዚህ ራስ ሥዕለ ክርስቶስን የሚያወድሰው የወዳጆቻቸው ብዕር መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ የተቃዋሚዎቻቸው ድምፅ በመጽሐፉ ውስጥ የለም። ካርታው ዓባይ ከጎጃም ተነሥቶ ጣናን አቋርጦ ጎጃምን መልሶ ሲከብ ያሳያል። ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ በ1681 ላሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ በዚህ መጽሐፍ ተጠቅሟል።