ሰማዩ ጠርቶ የሚመጣ ውሃ

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይባላል። ለቀላፎ ሰው ይህ ተረት ብቻ አይደለም። ቀላፎ በሶማሌ ክልል፣ በዋቢ ሸበሌ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። አካባቢው ደረቅ ቆላ ነው፤ ወንዙ ግን የሚነሳው ከባሌና ከአርሲ ደጋ ነው። እዚያ ዶፍ ሲወርድ እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሊውል ይችላል። ውሃው በኢሚ፣ በጎዴ፣ በቀላፎና በሙስታሂል አልፎ፣ በፌርፌር በኩል ድንበር ተሻግሮ በለደወይን እስኪደርስ ቀናት ይፈጅበታል። ወሬው ከውሃው ከቀደመ እነዚያ ቀናት ነፍስና ንብረት ያተርፋሉ።

ድሮ ወሬውን የሚያደርሰው መንገደኛ ነበር። በሶማሌ አርብቶ አደር ዘንድ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ፣ የት ዘነበ፣ የት ሳር አለ፣ ገበያው እንዴት ነው ተባብለው ሳይጠያየቁ አይለያዩም። ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የቢቢሲ የሶማሊኛ ፕሮግራም ተጨመረ። በ1983 ዓ.ም. የሶማሊያ መንግሥት ሲወድቅ የወንዙን ከፍታ የሚለኩት ጣቢያዎች ሥራ አቆሙ። ስልክም ጠፋ። ነጋዴውና ሐዋላው «ታር» በሚሉት የሬዲዮ መገናኛ መጠቀም ጀመሩ።

የ1990 ዓ.ም. ጎርፍ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። በጥቅምትና በኅዳር፣ በኤልኒኖ ምክንያት፣ ሸበሌና ጁባ ከዳርቻቸው ወጥተው መንደሮችን ዋጡ። በሶማሊያ ብቻ ወደ 2,000 ሰው መሞቱ ተዘግቧል።

ውሃው ከጎደለ በኋላ ሌላ መዘዝ ተከተለ። በረግረጉ የተፈለፈለችው ትንኝ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የተባለውን በሽታ አዛመተች። በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ በጋሪሳ፣ በደቡብ ሶማሊያም ሰውና ከብት አለቀ። በዚያው ዓመት ሳውዲ አረቢያ ከቀጣናችን የሚሄደውን የቁም እንስሳ አገደች። እገዳው በ1991 ተነሳ፤ በ1993 መጀመሪያ በሽታው በራሷ በሳውዲና በየመን ሲታይ ተመልሶ መጣ። እስከ 2002 ድረስም ቆየ። የእኛ አገር በግና ፍየል በበርበራ በኩል ይወጣ ስለነበር፣ ቤቱን ጎርፍ ያልነካው ነጋዴም ከሰረ። አርብቶ አደሩም በጉን ሸጦ የሚገዛውን ሩዝና ስኳር አጣ።

ማስጠንቀቂያ ሲዘገይ ምን እንደሚሆን ድሬዳዋም አይታለች። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከላይ ከተራራው የወረደው ዝናብ በደቻቱ ሞልቶ፣ የተኛውን ሕዝብ ደረሰበት። ከ200 በላይ ሰው ሞተ።

ከዚያ ወዲህ በሸበሌ ላይ መለኪያዎች ተመልሰዋል። ትንበያው በሬዲዮና በስልክ መልእክት ይደርሳል፤ በመስጊድ ድምፅ ማጉያም ይነገራል። በኅዳር 2016 ኤልኒኖ ሲመለስ አብዛኛው የበለደወይን ሰው ቤቱን ለቆ ወጣ። የንብረቱ ጉዳት ከባድ ነበር፤ በሶማሊያ የሞተው ሰው ቁጥር ግን ከ1990ው በብዙ አነሰ። አንዱ ምክንያት ወሬው ቀድሞ መድረሱ ነው።

ስለዚህ በጥቅምትና በኅዳር፣ በሚያዝያና በግንቦት ወደ ሸበሌ ዳር ዕቃ የምትልኩ፣ በቀላፎ ዘነበ ወይ ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። ኢሚና ጎዴ ላለ ወዳጅ ደውላችሁ ወንዙ ስንት እንደደረሰ ጠይቁ። እናንተም የሰማችሁትን በታች በኩል ላለው ንገሩ፤ ተቀናቃኛችሁም ቢሆን።