የሐዋሳ ዓሣ አስጋሪ ጀልባና የሞተር ጉዳይ

የዓሣ ጀልባ ታሪክ በዓለም ዙሪያ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የኃይልና የፍጥነት ታሪክ ሆኖ ይጻፋል። መቅዘፊያው በሸራ፣ ሸራው በእንፋሎት፣ እንፋሎቱም በናፍጣ ሞተር ተተካ ይባላል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ1953፣ በ1959 እና በ1965 እ.ኤ.አ. መሐንዲሶችንና የዓሣ ባለሙያዎችን ሰብስቦ ሦስት የዓሣ ጀልባ ጉባኤዎችን ማድረጉም ይህንኑ ጉዞ በዕውቀት ለመምራት ነበር። በሐዋሳ ሐይቅ ላይ ግን ታሪኩ በዚህ ቅደም ተከተል አልተጓዘም። ያልተጓዘበትም ምክንያት የገንዘብ እጥረት ብቻ እንዳልሆነ ልብ ማለት ይገባል።

ሐይቁ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሲሆን፣ ጥልቀቱ እጅግ በበዛበት ስፍራ እንኳ ከ20 ሜትር ብዙም አያልፍም። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከሐይቁ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። አስጋሪዎቹ በአብዛኛው በሳንቃ ጀልባ እየቀዘፉ መረባቸውን ወደ ማታ ይዘረጋሉ፤ ሲነጋም አንሥተው ቆሮሶውን፣ አምባዛውንና ቢልጫውን ወደ አሞራ ገደል ያወጣሉ። መረቡ እጅግ ቢርቅ ከዳር ጥቂት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። እንግዲህ በዚህ መንገድ ላይ ሞተር የሚያተርፈው ጊዜ ምን ያህል ነው?

ለዚህ ጥያቄ የሚሆን የሒሳብ መሠረት ከጣሉት አንዱ ዊልያም ፍሩድ ነው። ይህ መሐንዲስ በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በቶርኪ ባሠራው የመሞከሪያ ገንዳ፣ ጀልባ ፍጥነት በጨመረ መጠን ራሱ የሚያስነሣው ማዕበል እንደሚገታው በትንንሽ አምሳያዎች መረመረ። በውሃው ላይ 5 ሜትር ርዝመት ያለው ጀልባ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ፣ ከዚያ በላይ የሚጨመርለት ነዳጅ በአብዛኛው ማዕበል ለመሥራት ይውላል። በዚህ ላይ የሐዋሳ ከፍታ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ በመሆኑና አየሩ ስለሚሳሳ፣ ተራ የቤንዚን ሞተር ከኃይሉ ስድስተኛውን ያህል ያጣል። በባሕር ዳርቻ ለሚሠራ ጀልባ የተሰላ ሞተር እዚህ ሲደርስ ሌላ ሞተር ነው ማለት ይቻላል።

የሞተር ጀልባ በአገራችን ሐይቆች ላይ ምን እንዳስከተለ ለማየት ወደ ጣና መሻገር ያስፈልጋል። ጣና ከሐዋሳ ከሠላሳ እጥፍ በላይ ይሰፋል። በዚያ የደንገል ታንኳ ለብዙ ዘመን ሲያገለግል ቆይቶ፣ በ1986 እ.ኤ.አ. ከኔዘርላንድ የመጣ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና ከመንግሥት ጋር በመተባበር የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ አስገባ። ታንኳ በቀላሉ የማይደርስባቸው ወንዞች ወደ ሐይቁ የሚገቡባቸው ስፍራዎች ለአስጋሪው ቀረቡ። ይሁን እንጂ የጣና ቢልጫዎች ለመራባት የሚሰበሰቡት በእነዚሁ ስፍራዎች ነበር። ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ለአካለ መጠን የደረሱት የቢልጫ ዝርያዎች ከመቶ 75 ያህል መቀነሳቸውን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ጥፋቱን በሞተሩ ላይ ብቻ መጫን ፍርድ ማጓደል ነው፤ መረቡም ባለድርሻ ነበርና። ነገር ግን መረቡን እዚያ ያደረሰው ጀልባው መሆኑ አይካድም።

ስለሆነም በሐዋሳ «የተሻለ ጀልባ» የሚለው ቃል ሌላ ትርጉም ይሻል። ሳንቃው ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ፣ ቀለል ያለና ውሃ የማያስገባ አካል የቀዛፊውን ድካም ይቀንሳል። ነፋስ ሲነሣ ጀልባው ቢገለበጥ እንኳ እንዳይሰምጥ፣ በፊትና በኋላ የታሸገ የአየር ክፍል ማበጀት አነስተኛ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ከሁሉ በላይ ዓሣውን ከፀሐይ የሚሸሽግ፣ በረዶ የሚይዝ ሣጥን ያስፈልጋል፤ ተበላሽቶ የሚጣለው ዓሣ ሲቀንስ አንድ ተጨማሪ ዓሣ ሳይያዝ ለገበያ የሚቀርበው ይጨምራልና። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ማስገርን በሥርዓት ለመምራት የታሰበ ነው፤ ሣጥኑን በጀልባው መካከል ማኖር ግን የአናጢውና የመሐንዲሱ ድርሻ ሲሆን፣ ክብደቱ ሚዛኑን እንዳያዛባ ከወለሉ ጋር ዝቅ ብሎ መታሰር ይኖርበታል።