የብርጭቆ ቦዲ፦ የተሰበረች መኪና መቼ ትጠገናለች? መቼስ እንዳለች ትተዋለች?

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2014፣ ገና ሳይነጋ፣ በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት ቦውሊንግ ግሪን ከተማ ባለው የብሔራዊ ኮርቬት ሙዚየም የማንቂያ ደወሉ ጮኸ። ሌባ ግን አልነበረም። የሙዚየሙ ክብ አዳራሽ ወለል ተደርምሶ 12 ሜትር ያህል ስፋት፣ 9 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ተከፍቶ ነበር። አካባቢው ከሥሩ በኖራ ድንጋይ ዋሻዎች የተቦረቦረ ነው፤ በዓለም ረጅሙ የሚባለው የማሞዝ ዋሻም ከዚያ ብዙም አይርቅም። በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። ስምንት ኮርቬት መኪኖች ግን ከነክብራቸው ወደ መሬት ሆድ ገቡ።

ከስምንቱ አንዷ በ1962 የተሠራች ጥቁር መኪና ነበረች። ሌላዋ በ1992 ከፋብሪካው የወጣችው አንድ ሚሊዮነኛዋ ነጭ ኮርቬት ናት። የ2009 ሞዴል የሆነችው «ብሉ ዴቪል»ም ከመካከላቸው ነበረች። ከአደጋው በኋላ መጀመሪያ የተሰማው ሐሳብ «ስምንቱም ይጠገኑ» የሚል ነበር። መኪኖቹ አንድ በአንድ በክሬን ሲወጡ ግን ነገሩ ተቀየረ። «ብሉ ዴቪል» ከጉድጓዱ ወጥታ ሞተሯ ተነሳ፤ በራሷ ጉልበትም ተንቀሳቀሰች። መጨረሻ ላይ የወጣችው መኪና ደግሞ መኪና መሆኗን ለመለየት እንኳ ታስቸግር ነበር። በመጨረሻ ሦስቱ ብቻ እንዲጠገኑ፣ አምስቱ ከነጭቃቸውና ከነስብራታቸው እንዲቀመጡ ተወሰነ።

ይህ ውሳኔ የሙዚየም ሰዎች የውስጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አሮጌ ነገር ሲሰበር ምን ይቀየራል? ምን ይጠበቃል? ሁሉም ነገሩ ከተቀየረስ ያው ነገር ነው ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች ለኮርቬት ይበልጥ የሚከብዱት በቦዲዋ ምክንያት ነው። ቦዲዋ ላሜራ አይደለም፤ ፋይበር ግላስ ነው። ይህን ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

◆ የመስታወት ክር እንዴት መኪና ሆነ?

ብርጭቆ ሲቀልጥና ሲሳብ ከጸጉር የቀጠነ ክር ይሆናል። አንዱን ክር ብቻ ቢይዙት ይሰበራል። ብዙ ክሮች ተነባብረው ሬዚን በሚባል ፈሳሽ ፕላስቲክ ተነክረው ሲደርቁ ግን ቀላል፣ ጠንካራና የማይዝግ ነገር ይወጣል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይሄ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከዚህ ቅይጥ የአውሮፕላን ራዳር መሸፈኛ ይሠራበት ነበር፤ የራዳር ሞገድ በብረት ውስጥ ባያልፍም በፋይበር ግላስ ውስጥ ያልፋልና።

ጦርነቱ ሲያልቅ ዕውቀቱ ወደ ጀልባ ሠሪዎች ተሻገረ። በካሊፎርኒያ ቢል ትሪት የሚባል ጀልባ ሠሪ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ በጀልባ አሠራር የመኪና ቦዲ መሥራት ጀመረ። ነገሩ የትልልቅ ኩባንያዎችን ዓይን ሳበ። በጄኔራል ሞተርስ የንድፍ ክፍሉ ኃላፊ ሃርሊ ኧርል ደግሞ ከአውሮፓ የሚመጡትን ትንንሽ የስፖርት መኪኖች የሚወዳደር አሜሪካዊ መኪና ይመኝ ነበር። በጃንዋሪ 1953 በኒው ዮርክ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል በተካሄደው ትርዒት ኮርቬት ለሕዝብ ታየች። በዚያው ዓመት ጁን 30 ቀን፣ በሚሺጋን ፍሊንት ከተማ የመጀመሪያዋ ከመገጣጠሚያ ወጣች።

ከትርዒት እስከ ምርት ስድስት ወር አልሞላም። ለላሜራ ቦዲ ይህ የማይታሰብ ነበር። ላሜራን በፕሬስ ለመቅረጽ ከባድ የብረት ቅርጽ ማውጫ ያስፈልጋል። እሱን ለመሥራት ረጅም ጊዜና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ወጪው የሚመለሰውም በመቶ ሺህ የሚቆጠር መኪና ሲሸጥ ነው። በ1953 የተሠሩት ኮርቬቶች ግን 300 ብቻ ነበሩ፤ ሁሉም ነጭ፣ ውስጣቸው ቀይ፣ አብዛኛው ሥራቸው በእጅ። ፋይበር ግላስ የተመረጠው ከብረት ስለሚበልጥ ብቻ አልነበረም። የችኮላና የጥቂት ምርት መፍትሔ ስለነበረም ነው።

መጀመሪያ ላይ የታሰበው ጊዜያዊ ነገር ቆይቶ ማንነት ሆነ። በኦሃዮ አሽታቡላ ከተማ የሮበርት ሞሪሰን ኩባንያ ፋይበር ግላስን በብዛት በፕሬስ የማምረቱን ሥራ ተረከበ። መገጣጠሚያው በ1954 ሞዴል ወደ ሴንት ሉዊስ፣ በ1981 ደግሞ ወደ ቦውሊንግ ግሪን ተዛወረ። ሞተሩ፣ ቅርጹ፣ ሻንሲው ሁሉ ተቀያየረ። ኮርቬት የላሜራ ቦዲ ግን ለብሳ አታውቅም።

◆ «አይዝግም» የሚለው ተስፋና ጉዱ

ብረት ሲመታ ይጎብጣል፤ ጎበዝ ቦዲ ሠሪ መልሶ በመዶሻ ያወጣዋል። ፋይበር ግላስ መዶሻ አያውቅም። ሲመታ ይሰነጠቃል ወይም ይሰበራል። ትንሽ ስንጥቅ ከሆነ ተፍቆና ጠርዙ ሳስቶ አዲስ የብርጭቆ ጨርቅና ሬዚን ይደረብበታል። ከዚያ ካለፈ የተሰበረው ክፍል ተቆርጦ በሌላ ይተካል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በጥንታዊዎቹ ኮርቬቶች ላይ ፓራፋንጎው እንደ ዛሬ መኪኖች ቡሎን ተፈትቶ አይወርድም። ቦዲው ብዙ ቁርጥራጭ ሆኖ ተሠርቶ፣ በስተጀርባ በኩል በማያያዣ ጥብጣብና በማጣበቂያ የተጋባ ነው። አንዱን ለማንሳት ማጣበቂያውን በሙቀትና በመሮ እያላቀቁ ጎረቤቱን ሳይጎዱ መሄድ ያስፈልጋል። አዲሱ ሲመጣም ወዲያው አይለጠፍም። በቅድሚያ ያለ ማጣበቂያ ይገጠማል፤ የበርና የኮፈን ክፍተቶች እኩል መሆናቸው ይታያል። ይህም መኪናዋ በጎማዋ ላይ ቆማ ነው የሚደረገው። በክሪክ ተንጠልጥላ የተለካች መኪና መሬት ስትነካ ሻንሲው ሊላላ ወይም ሊጎብጥ ስለሚችል፣ በሩ አልዘጋ ይላል።

ዕድሜዋም መታወቅ አለበት። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ፋብሪካው አዲስ ዓይነት ቅይጥ መጠቀም ጀምሯል። ለቀድሞዎቹ የሚሆነው የተለመደው ፖሊስተር ሬዚን በኋለኞቹ ላይ በደንብ አይይዝም፤ ኢፖክሲ ወይም ለዚያ የተሠራ ማጣበቂያ ይፈልጋሉ። ይህን ያላወቀ ሠራተኛ ዛሬ አሳምሮ የቀባው ቀለም ከዓመት በኋላ በመጋጠሚያው በኩል ተሰንጥቆ ይመለስለታል። ለሠራተኛው ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ፋይበር ግላስ ሲፈገፈግ የሚወጣው ብናኝ የብርጭቆ ብናኝ ነው፤ ቆዳ ያሳክካል፣ ሳንባም አይምርም። ያለ ጭምብል የሚሠራ ሰው የመኪናዋን ዕድሜ እያራዘመ የራሱን ያሳጥራል።

ትልቁ ጉድ ግን ሌላ ነው። «አይዝግም» የተባለው ቦዲ በእርግጥም አይዝግም። ከ1963 ጀምሮ በመጡት ሞዴሎች ግን መቀመጫውን የሚከብ የብረት አጽም ከቦዲው ሥር አለ፤ እሱ ይዝጋል። ሻንሲውም እንደዚሁ። ገዢ የሚያብረቀርቅ ቀለም አይቶ ይከፍላል፤ ወደ ጋራዥ ወስዶ ሲያስከፍተው አጥንቷ በልቶ አልቋል። የላሜራ መኪና ዝገቷን በፊቷ ትናገራለች፤ የብርጭቆዋ ግን ትደብቃለች።

◆ ጠባሳ እንደ ማስረጃ

በፋብሪካ በፕሬስ የወጣ ቁራጭ በሁለቱም በኩል ለስላሳ ነው። በኋላ በእጅ ተደርቦ የተሠራ ምትክ ደግሞ በአንድ በኩል ሸካራ ነው፤ የጨርቁ ሽመና በጀርባው ይታያል። የፊት ቦዲውን በሙሉ አንድ ወጥ አድርገው የሚያቀርቡ ምትኮችም አሉ። ለሥራ ይቀላሉ፤ ነገር ግን ፋብሪካው የተወው የመጋጠሚያ መስመር የላቸውም።

ይህ መስመር አስገራሚ ታሪክ አለው። ፋብሪካው በቀለም ሊደብቀው ሲጥር የኖረ ጉድለት ነበር። ዛሬ ግን በ1974 የተመሠረተው የኮርቬት አዳሾች ማኅበርን የመሰሉ ስብስቦች መኪናን ሲመዝኑ ከፋብሪካ እንደወጣች መሆኗን ይፈልጋሉ። መስመሩ ካለ መኪናዋ የራሷ ቦዲ አላት። ከሌለ ደግሞ አንድ ቀን ተጋጭታ ታሪኳ ተሸፍኗል ማለት ነው። ትናንት ጉድለት የነበረው ዛሬ ምስክር ሆኗል። የሰው ገላ ላይ ያለ ጠባሳም እንደዚሁ ነው፤ ባለቤቱ ሊሸፍነው ይፈልጋል፣ የሚያውቁት ግን በእሱ ይለዩታል።

ክርክሩም የሚነሳው ከዚሁ ነው። አንዱ ወገን «መኪና ለመንዳት ነው፤ የተሰበረውን ቀይረህ ንዳት» ይላል። ሌላው «ቦዲዋን ከቀየርክ ስሟን ብቻ ነው የያዝከው» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ችግሩ መቀየሩ ላይ አይደለም፤ መደበቁ ላይ ነው። የተተካውን ክፍል በግልጽ የሚነግር ሻጭ ገዢውን አልጎዳም። አዲሱን ቁራጭ «ከፋብሪካ ነው» ብሎ የሚምል ግን የሚሸጠው መኪና ሳይሆን ውሸት ነው።

◆ ወደ ጉድጓዱ እንመለስ

አንድ ሚሊዮነኛዋ ኮርቬት በ1992 ስትገጣጠም የፋብሪካው ሠራተኞች ባለፈችበት ሁሉ በክፍሎቿ ላይ ስማቸውን ፈርመዋል። ፊርማዎቹ ቀለምና ምንጣፍ ስለሸፈናቸው ለዓመታት ጎብኚ አላያቸውም። ጉድጓዱ ባይበላት ኖሮ ማንም ልብ አይላቸውም ነበር። በጄኔራል ሞተርስ ግቢ ለጥገና ስትከፈት ግን ስሞቹ ከየጥጉ ብቅ ብቅ አሉ።

ያኔ የጥገናው ትርጉም ተለወጠ። ለተራ ጥገና የተሰበረን አውጥቶ አዲስ ማስገባት ይቀላል። ጠጋኞቹ ግን ፊርማ ያለበትን ክፍል በሚቻለው ሁሉ ለማዳን ወሰኑ። ፈጽሞ ሊድኑ ባልቻሉት በጣት የሚቆጠሩ ክፍሎች ላይ የነበሩት ስሞች በስካነር ተቀድተው በምትኮቹ ላይ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ሥራው ከ1,200 ሰዓት በላይ ፈጀ። መኪናዋ በሴፕቴምበር 2015 ወደ ሙዚየሙ ተመለሰች። የ1962ቷ ጥቁር መኪና ደግሞ በፌብሩዋሪ 2018፣ አደጋው በደረሰ በአራተኛ ዓመቱ ታድሳ ቀረበች።

የቀሩት አምስቱ ለምን ተተዉ? ገንዘብ ስላልነበረ ነው ማለት አይቻልም። ከአምስቱ አብዛኞቹን «ማደስ» ማለት ከሻንሲ እስከ ኮፈን ሌላ መኪና ሠርቶ የድሮውን ስም መለጠፍ ስለሚሆን ነው። እንደዚያ ቢደረግ ሙዚየሙ ስምንት የሚያማምሩ መኪኖች ይኖሩት ነበር፤ ያን ቀን የሆነውን የሚናገር ግን አንድም አይኖረውም። ዛሬ ጎብኚው በታደሱት ፊት የሰውን እጅ ጥበብ ያያል፤ በተሰባበሩት ፊት ደግሞ መሬት ምን ማድረግ እንደምትችል ያያል።

ፍርዱ ከዚህ ይወጣል። ከአሮጌው የሚተርፍ በቂ ነገር ካለ መጠገን ተገቢ ነው፤ የሚተርፍ ከሌለ ግን ስብራቱን ማክበር ይሻላል። ሲጠገንም መጀመሪያ የሚጠየቀው «የት ይቀየር?» አይደለም። «እዚህ ላይ የማን እጅ አለ?» የሚለው ነው። ቦዲውን ያጣበቁት፣ የፈገፈጉት፣ የፈረሙት ሠራተኞች በመጽሐፍ ላይ ስማቸው የለም። የሃርሊ ኧርል ስም በየመጽሐፉ አለ። የእነሱ ስም ያለው ከአንዲት መኪና ቆዳ ሥር ብቻ ነው። መኪናዋን የጠገኑት ሰዎች ትልቁ ሥራቸውም ያንን አለመጣላቸው ነው።

እንግዲህ አሮጌ ነገር በእጁ ያለ ሰው፣ መኪናም ይሁን ቤት ወይም ሰነድ፣ አፍርሶ አዲስ ከማስገባቱ በፊት ጀርባውን ገልብጦ ይመልከት። ምናልባት አንድ ስም ይጠብቀው ይሆናል።