የቁስል ቅጠልና የአይጥ ቆዳ

የአድዋ ቁስለኞች ነገር በተነሣ ቁጥር የሚጠቀሱት ከመስኮብ የመጡት የቀይ መስቀል ሐኪሞች ናቸው። ነገር ግን ጦርነቱ የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን ሐኪሞቹ አዲስ አበባ የደረሱት ከወራት በኋላ ነበር። ቁስል ደግሞ ወራት አይጠብቅም። በዚያ መካከል ቁስለኛውን ያስታመሙት ወጌሾችና ቅጠል ዐዋቂዎች ካልሆኑ ሌላ እነማን ሊሆኑ ኖሯል?

የነዚህ ሰዎች ዕውቀት ከፊሉ በደብተራዎች እጅ በመጽሐፈ መድኃኒት ተጽፎ ቆየ፤ የቀረው ከአባት ለልጅ በምሥጢር ተላለፈ። የፖላንዱ ተወላጅ ስቴፋን ስትሬልሲን ከብራና መጻሕፍቱ ብዙውን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1968 እና በ1973 በሁለት ቅጽ በፈረንሳይኛ አሳተመ። ከጽሑፍ ወደ ቤተ ሙከራ መሻገሩ ግን ሌላ ሥራ ነው። መንገዱን ያሳየው እንዶድ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነገሩን በምርመራ አረጋገጡ። በርሳቸው መሪነትም የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1966 በዩኒቨርሲቲው ተቋቋመ።

ወደ ቁስል እንመለስ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች በእንዳሁላ ቅጠል ላይ ያደረጉት ምርመራ እ.ኤ.አ. በ2013፣ በመቅመቆ ሥር ላይ ያደረጉት ደግሞ በ2015 ታትሟል። መቅመቆ ባልትና ላለበት ቤት እንግዳ አይደለም፤ ቅቤ ሲነጠር የሚገባው ያው ነው። የተደቆሰው ሥር በ80 በመቶ ሜታኖል ተነክሮ ከወጣው ጭማቂ 5 እና 10 በመቶ የያዘ ቅባት ተዘጋጀ። የአይጦቹ ጀርባ ተላጭቶ ቆዳው ተቈረጠ፤ ከፊሎቹ ይህን ቅባት፣ ከፊሎቹ መድኃኒት የሌለበትን፣ ከፊሎቹም ናይትሮፉራዞን የተባለውን የታወቀ መድኃኒት ተቀቡ። ከዚያ ቁስሉ በስንት ቀን እንደ ጠበበ ተለካ፤ የገጠመው ጠባሳም ምን ያህል ኃይል እንደሚችል እስኪበጠስ ድረስ ተጐትቶ ታየ። መቅመቆው መድኃኒት ከሌለበት ቅባት በግልጥ በለጠ፤ እንዳሁላም እንዲሁ መልካም ውጤት ሰጠ።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ይዘው «የአባቶቻችን መድኃኒት ተፈተነ፤ አለፈ» ይላሉ። እኛ ግን ይህን ለማለት ገና ነው ባዮች ነን። የአይጥ ቁስል የሚድነው ይልቁንም ቆዳው ከዳር እስከ ዳር በመሰብሰቡ ነው። የሰው ቁስል ግን አብዛኛውን የሚሞላው አዲስ ሥጋ አብቅሎ፣ በላዩም አዲስ ቆዳ አልብሶ ነው። ደግሞም በንጹሕ ምላጭ የተቈረጠ የጤነኛ አይጥ ጀርባና ጭቃ ውስጥ ውሎ ያመረቀዘ የገበሬ እግር አንድ አይደሉም። ከዚህ ሁሉ በላይ ወጌሻው ሥሩን በሜታኖል አይነክርም፤ በቅቤ ለውሶ ወይም እርጥቡን ወቅጦ ይለጥፋል እንጂ። ስለዚህ በቤተ ሙከራው የተፈተነው ተክሉ ነው፤ የወጌሻው መድኃኒት፣ እሱ በሚያዘጋጅበት አኳኋን ተዘጋጅቶ፣ በሰው ቁስል ላይ በሐኪም ፊት ገና መፈተን አለበት።