ከማሳ የሚወጣ አረር የሚናገረው ታሪክ

በእንግሊዝ አገር ማሳ በታረሰ ቁጥር ክብና ግራጫ የእርሳስ ድብልብሎች ከአፈር ይወጣሉ። ብዙዎቹ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነቶች የተተኮሱ ወይም ከወታደሮች እጅ የወደቁ የነፍጥ አረሮች ናቸው። ከእነርሱም ጋር የባሩድ መያዣ ክዳኖችና የዝናር ማያያዣዎች ይገኛሉ። የገበያ ዋጋቸው አነስተኛ ነው፤ የተገኙበት ቦታ በትክክል ከተመዘገበ ግን ለታሪክ ምስክር ይሆናሉ።

የነፍጠኛው ዕቃዎች

በዚያ ዘመን እግረኛ ወታደር በብዛት የሚይዘው ነፍጥ በሚጨስ ክር የሚለኮስ ነበር። ወታደሩ በአፈሙዙ በኩል ባሩድ ይጨምርና አረሩን በዘንግ ይጠቀጥቃል። ለአንድ ተኩስ የሚበቃው ባሩድ አስቀድሞ ተለክቶ፣ በዝናሩ ላይ በተንጠለጠሉ ትናንሽ መያዣዎች ይቀመጥ ነበር። ቆዳውና እንጨቱ በአፈር ውስጥ ስለሚበሰብሱ፣ ዛሬ በብዛት የሚገኘው ከእርሳስ የተሠራው ክዳን ነው።

ባሩድ የሚቀመመው ከከሰል፣ ከድኝና ከናይትሬት ጨው ነው። የሚበዛውም ጨው ነው። ይህ ጨው የከብት ሽንትና ፍግ ከጠጣ አፈር ይገኝ ነበር። በእንግሊዝ የንጉሡ ሠራተኞች የበረትና የርግብ ቤት ወለል እየቆፈሩ አፈሩን ይወስዱ ስለነበር፣ ከባለ ይዞታዎች ብርቱ ቅሬታ ይነሣ ነበር።

አረሩ እንዴት ይነበባል?

በኤጅሂል ጥቅምት 23 ቀን 1642 እ.አ.አ የንጉሡና የፓርላማው ጦር ተዋግተዋል። ከዘመናት በኋላ ተመራማሪዎች ማሳውን በብረት መፈለጊያ መሣሪያ በመስመር አስሰው ከ1 ሺህ በላይ የእርሳስ አረሮችን አግኝተዋል፤ የተገኙበትንም ቦታ መዝግበዋል።

የመጀመሪያው መለያ ክብደት ነው። ከ1 ፓውንድ ወይም 454 ግራም እርሳስ 12 የእግረኛ ነፍጥ አረሮች ይወጡ ነበር፤ አንዱ ወደ 38 ግራም ይመዝናል ማለት ነው። ቀለል ያለው አረር ብዙውን ጊዜ ፈረሰኛ ከሚይዘው አጭር ነፍጥ ወይም ሽጉጥ የወጣ ነው። ሁለተኛው መለያ ቅርጽ ነው። ክብነቱን የጠበቀና የቅርጽ ማውጫው መስመር የሚታይበት አረር ሳይተኮስ የወደቀ ሊሆን ይችላል፤ የተጨፈለቀው ግን ተተኩሶ ከአንዳች ነገር ጋር የተጋጨ ነው። እነዚህ ምልክቶች በካርታ ላይ ሲሰፍሩ እግረኛው የቆመበትና ፈረሰኛው የገሰገሰበት ስፍራ ይገመታል።

ይህ ማስረጃ በቀላሉ ይጠፋል። አሲዳማ አፈር እርሳስን ይበላል፤ ተደጋጋሚ እርሻ ዕቃውን ያጎድፋል። ከሁሉ የከፋው ቦታው ሳይመዘገብ አንሥቶ መውሰድ ነው፤ የተወሰደው ዕቃ ቢመለስ እንኳ ቦታው የሚናገረው ታሪክ አይመለስም።

ለእኛ ገበሬዎች ያለው ትርጉም

በኢትዮጵያም ነፍጥ በጦር ሜዳ ጉልህ ድርሻ የያዘው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር የኦቶማን ነፍጠኞች ነበሩት። በ1541 እ.አ.አ ደግሞ በክሪስቶፎ ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ያህል ፖርቱጋላውያን በምጽዋ በኩል ገቡ። ከእነርሱ የተረፉት በ1543 እ.አ.አ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ በወይና ደጋ ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ተሰልፈዋል። እንዲህ ያሉ ስፍራዎች ዛሬም ሰው የሚያርሳቸውና ከብት የሚያሰማራባቸው ምድር ናቸው።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቁፋሮም ሆነ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ሳይዘገይ እንዲያሳውቅና ዕቃውንም ጠብቆ እንዲያቆይ ያዛል። ስለዚህ በማሳው አሮጌ አረር ወይም የነፍጥ ዕቃ ያየ አርሶ አደር እርሳሱን ከማቅለጥ ወይም ለነጋዴ ከመሸጥ ተቆጥቦ፣ ስፍራውን ምልክት ያድርግበትና ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቅ። የተገኘው ነገር የቅርብ ዘመን ቦምብ ወይም ተተኳሽ የሚመስል ከሆነ ግን ሳይነካ ለፖሊስ ማመልከት ይገባል።