የሙኒክ ከተማ ምርጫ

ሊኑክስ በትክክሉ ሲነገር አንድ ሙሉ ሥርዓት ሳይሆን፥ ፊንላንዳዊው ሊኑስ ቶርቫልድስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 ያስተዋወቀው የሥርዓቱ አስኳል ብቻ ነው። ይህን አስኳል ከልዩ ልዩ ፕሮግራሞች ጋር አዋሕደው ለተጠቃሚው የሚያደርሱት ድርጅቶችና ማኅበራት ብዙዎች ናቸው፤ የእያንዳንዳቸውም ዝግጅት «ሥርጭት» ይባላል። ለዕለት ተዕለት የቢሮ ሥራ የትኛው ይበጃል የሚለው ጥያቄ ምን ያህል እንደሚከብድ፥ የጀርመኗ ከተማ የሙኒክ ታሪክ ያስረዳል።

በ2003 በከተማው መሥሪያ ቤቶች ከነበሩት ኮምፒዩተሮች 14 ሺህ ያህሉ የሚሠሩት በዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 ነበር። ማይክሮሶፍት ለዚህ እትም የሚሰጠው ድጋፍ ሊያበቃ ስለተቃረበ፥ ከተማው አዲስ እትም ከመግዛትና ሌላ መንገድ ከመፈለግ አንዱን መምረጥ ግድ ሆነበት። የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ስቲቭ ባልመር ራሳቸው ወደ ሙኒክ ተጉዘው ከንቲባውን ክርስቲያን ኡደን ቢያነጋግሩም፥ ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት በሜይ ወር ለሊኑክስ ወሰነ። ዓላማው ገንዘብ መቆጠብ ብቻ ሳይሆን ከአንድ አቅራቢ ጥገኝነት መላቀቅ ነበር።

በ2005 የተመረጠው ሥርጭት ደቢያን ነው። ደቢያን የማንም ኩባንያ ንብረት ያልሆነ፥ በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጅና በጽኑነቱ የተመሰገነ ነው። ይሁን እንጂ ጽኑነቱ የተገኘው በዝግታ ነበር፤ በ2002 ከወጣው እትም እስከሚቀጥለው ድረስ ሦስት ዓመት ገደማ አልፏል። በየጊዜው የሚገዙት አዳዲስ ኮምፒዩተሮች ግን ይህን ያህል አይጠብቁም። ስለዚህም ከተማው ውሎ አድሮ ወደ ኡቡንቱ ዞረ። ኡቡንቱ በ2004 በደቢያን መሠረት ላይ የተገነባ ሲሆን፥ እትሞቹ የሚወጡበት ጊዜ አስቀድሞ የታወቀ ነው።

ከሥርጭቱ ምርጫ ይልቅ የከበደው ሥራ ግን ሌላ ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ ለዓመታት የተጠራቀሙት የደብዳቤና የቅጽ ናሙናዎች ሁሉ በአዲስ መልክ መዘጋጀት ነበረባቸው፤ ለዚህም ዎልሙክስ የተባለ ፕሮግራም ተሠራ። በ2013 መጨረሻ ዝውውሩ ሲጠናቀቅ 15 ሺህ ያህል ኮምፒዩተሮች በሊኑክስ ይሠሩ ነበር።

ሆኖም የሠራተኞች ቅሬታ አልቀረም። በ2016 የቀረበው ከተማው ያስጠናው ጥናት ዋናውን ችግር ያገኘው ከሥርጭቱ ይልቅ በኮምፒዩተር ክፍሎቹ አደረጃጀት ላይ ነበር። ያም ሆኖ ምክር ቤቱ በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ። በ2020 ደግሞ ሥልጣን የያዘው የፓርቲዎች ጥምረት፥ በተቻለ መጠን ክፍት ፕሮግራሞች እንዲመረጡ ተስማማ።

ከዚህ ታሪክ እንደሚታየው፥ ሥርጭት የሚመርጥ ሰው የሚመርጠው ፕሮግራም ብቻ አይደለም፤ ከዓመታት በኋላ የሚጠግነውንም እጅ አብሮ ይመርጣል።